ውሃ የሚጠጣው ድምፅ ማጉያ

በየትኛውም ከተማ ሠሪ ከመምጣቱ በፊት አንድ ፈቺ ይመጣል። ሰዓት ስንት ነው ሲሉት ሰዓቱን ከፍቶ የሚያሳይ፣ ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው፣ የፈታውን ሲገጥም ሁልጊዜ ሁለት ብሎን የሚተርፈው ሰው ነው። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ ሬዲዮ ኖሮት አያውቅም ማለት ነው። መምህርት ሸዋሉል ግን አሳምራ ታውቀዋለች። የምትከራየው ከእሱ ግቢ ነው፤ የቴፗም ሆድ ዕቃ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ቦታው አሶሳ ነው። ጊዜውም ክልሉ ገና ተቋቁሞ የቢሮዎቹ ማኅተም ከወንበራቸው ቀድሞ የደረሰበት ነው። ፈቺው፣ ክቡር ኢንጂነር ሙርሳል፣ ከቢሮዎቹ በአንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገና ዕቃ ስላልነበረ ለማሰብ ሰፊ ጊዜ አገኘ። ኢንጂነር ያሰኘው ትምህርት ቤት የለም። በስደት ዘመኑ ድንበር ማዶ ደማዚን ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አጠገብ አራት ዓመት ተቀምጧል፤ ማዕረጉን የጨመረለት ግቢው ነው። እንግዲህ ሲያስብ ሲያስብ ከርሞ፣ አዲስ ክልል የራሱ ድምፅ ማጉያ ከሌለው ክልል ሊባል አይችልም ከሚል ውሳኔ ላይ ደረሰ።

የማጉያው አካል የተዋጣው ከዘመድ ከወዳጅ ነው። ሣጥኑ የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ፣ ትራንስፎርመሩ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከሞተ ሬዲዮ የወጣ ነው። ትራንዚስተሮቹ እንዳይግሉ የታሰሩበት ብረት ደግሞ የባለቤቱ የኢቲዳል የድስት ክዳን ነው። ከሸዋሉል ቴፕ ላይ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል "ለሁለት ቀን" ተብሎ ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ቴፑ ካሴት ያዞራል እንጂ አይናገርም። ሁለቱ ቀን ሰባተኛ ወሩን ይዟል።

"አቶ ሙርሳል፣ ቴፔስ?"

"ቲቸር፣ ወላሂ፣ ትንሽ ነገር ነው የቀረ።"

"ያ ሙርሳል፣ ክዳንስ?" ትላለች ኢቲዳል ከማድቤት።

"ትንሽ ነገር ነው የቀረ።"

የቀረችው ትንሽ ነገር "እምምም" የምትል ጩኸት ነበረች። አመሻሽ ላይ የከተማው ጄኔሬተር ሲነሳ እሷም አብራ ትነሳለች። ሙርሳል ሽቦ ቢያሳጥር፣ ኮንደንሰር ቢለውጥ፣ ትራንስፎርመሩን ፊቱን ቢያዞረው፣ ጩኸቷ ወይ ፍንክች።

በዚህ መሀል የቢሮው ስብሰባ ደረሰ። ማጉያው በሁለት ሰው ሸክም መጥቶ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የቢሮው ኃላፊ "የተከበራችሁ" ከማለታቸው እስፒከሩ ንብ የሰፈረበት ይመስል ማጉረምረም ጀመረ። እንደገና "የተከበራችሁ" ሲሉ ከድስት ክዳኑ ጭስ ወጣ። ንግግሩ በባዶ ጉሮሮ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በበርታ ቋንቋ መድረስ ስለነበረበት በሩብ ሰዓት አለቀ። ሕዝቡ ሙርሳልን እየመረቀ ወደ ቤቱ ገባ። እሱ ግን ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም።

በአራተኛው ቀን ጥፋተኛው ተገኘ፤ መሬቱ ነው። ጩኸቱ በሽቦ ወርዶ መሬት ውስጥ መስረግ አለበት፣ የየካቲት መሬት ግን ደርቆ አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ሙርሳል ከመስኮቱ ሥር ቁመቱን የሚያህል ፌሮ ቀበረ፣ ሽቦ አሰረበት፣ ዐዋጅም አወጣ፦ "እዚህ ግቢ ውሃ የሚደፋ ሰው ሁሉ ፌሮ ላይ ይድፋ።" እሱ ራሱ ለሶላት የሚታጠበው እዚያ ሆነ። ኢቲዳል የዕቃ እጣቢውን እየደፋች በሆዷ ትስቃለች። ሸዋሉል ብቻ ውሃ በጀሪካን ከቦኖ እየመጣ ብረት አላጠጣም ብላ እምቢ አለች። ፌሮው ሥር ማንም ሳይተክለው ፓፓያ በቀለ።

ይህን ሁሉ ሸዋሉል ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ላሉት እናቷ ትጽፋለች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አምስት አምስት ገጽ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ የሚያልቁት በአንድ ጥያቄ ነው፤ የዝውውሬ ነገር ከምን ደረሰ? አጎቷ በየቢሮው ሲመላለሱላት ዓመት አልፏል።

አንድ ነገር ግን ለእናቷም አልጻፈችም። አመሻሽ ላይ፣ ተራራው ላይ የሚቃጠለው ሣር ከሩቅ ቀይ መስመር ሲሆን፣ የሌሊት ወፎች ከማንጎው ሲነሱ፣ ጩኸቱ በቀርከሃው ግድግዳ አልፎ ይመጣል። ደብተር እያረመች ዓይኗ ይከደናል። ሐይቁ ዳር ናት፤ እናቷ ልብስ ያጥባሉ፤ ውሃው ራሱ እምም ይላል። ስትነቃ ቀዩ እስክሪብቶ በአንድ ተማሪ ደብተር ላይ ረጅም መስመር ሠርቶ ታገኘዋለች። ለተማሪው ሙሉ ነጥብ ሰጥታው ትነሳለች።

መጋቢት ላይ መልሱ በካሴት መጣ። እናቷ መጻፍ አይችሉም። የሆዴን ለጸሐፊ አልነግርም ብለው ቴፕ ላይ ተናግረው ከደሴ በሚመለስ መምህር እጅ ላኩት። ሸዋሉል ካሴቱን ድምፅ አልባው ቴፗ ውስጥ አስገባች። ዞረ። እናቷ እዚያ ውስጥ እያወሩ ነው፤ እሷ አትሰማም። እንባዋ መጣ። ከዚያ ቴፑን አቅፋ የሙርሳልን በር አንኳኳች።

እስፒከሩ የተሰቀለው ግቢው መሀል ማንጎው ላይ ነው። ሙርሳል ቴፑን ከማጉያው ጋር አገናኘና ቁልፏን ተጫነ።

"ሸዋዬ፣ እንዴት ነሽ የኔ አበባ?" አለ ዛፉ። ለጸሐፊ ያልተነገረው ምስጢር ከነትንፋሹ በግቢው ላይ ተዘረጋ። "አጎትሽ ዝውውሩን..." ሲል ጩኸቱ ተነስቶ ድምፁን ዋጠው።

"መሬት ደረቀ" አለ ሙርሳል። ኢቲዳል ጀሪካኑን አየችው፤ ባዶ ነው።

ሸዋሉል ወደ ክፍሏ ሮጠች። ለገላዋ ያስቀመጠችውን ሙሉ ባልዲ አምጥታ ፌሮው ላይ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጠችው። የፓፓያው ቅጠል ተነቃነቀ። ጩኸቱ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። ሙርሳል ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው።

"አጎትሽ ዝውውሩን ጨርሶታል። ትንሽ ነገር ነው የቀረው፤ ያንቺ ፊርማ።" ኢቲዳል የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ሙርሳል ጫማውን ያያል።

"ግን ልጄ፣ አምና ደብዳቤሽ በተነበበልኝ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ውሰዱኝ ውሰዱኝ። ዘንድሮ ያ ፈቺ ብቻ ነው። ክዳን ወሰደ፣ ብረት አጠጡ አለ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነው የሚያስነብበው፤ ከሣቅ ብዛት ጎኔን ያመኛል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ጩኸቱ ቆመ ወይ ነው የሚለኝ። እና ሳይቆም ትተሽው ብትመጪ ለሰው ምን እመልሳለሁ? መምጣትሽን ጠልቼ አይደለም፤ ናፍቀሽኛል። ግን እዚያ የምትስቂ መሰለኝ።"

ካሴቱ አለቀ። ግቢው ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። ሙርሳል ካቻቪቴውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ማጉያው ሄደ።

"ቲቸር የሚሄድ ከሆነ ቴፕ ዛሬ እመልሳለሁ" አለ።

ያ ከቴፑ የተወሰደው ክፍል ከወጣ ማጉያው ዳግም እንደማይናገር ሦስቱም ያውቃሉ። ብሎኑ ላይ ካቻቪቴውን አሳርፎ ቆመ። ሸዋሉል ይህ ሰው አንድ ነገር ለመፍታት እጁ ሲከብደው አይታ አታውቅም።

"ይተዉት፣ አቶ ሙርሳል። ጩኸቱ ገና አልቆመም። እናቴ ስትጠይቀኝ ምን ልላት ነው?"

ባዶውን ጀሪካን አነሳችና ወደ ቦኖው አመራች። ገና ከግቢው በር ሳትወጣ ሙርሳል ከኋላዋ ተጣራ።

"ቲቸር፣ ሁለት ጀሪካን ይሻላል።"