በአፋቸው የሚያበስሉት ክቡር ተቆጣጣሪ

እጁ ሽንኩርት ሳይነካ ምሳና ራት የሚያበስል ሰው የሌለበት ቤት ካለ አድራሻውን ንገሩን፤ ሻንጣችንን ይዘን እንመጣለን። ይህ ሰው ቢላ አያነሳም፣ ድስት አያጥብም፣ ክብሪት አይጭርም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። እጆቹን ወደ ኋላ ያጣምራል። ከዚያ በአፉ ያበስላል።

በልብስ ሰፊዋ ቤት ይህ ሰው ክቡር አማቷ ነበሩ። ክቡርነታቸው ሠላሳ አራት ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው በጡረታ የወጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በየሱቁ እየዞሩ ሚዛን ሲፈትሹ የኖሩ ሰው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አንድ ሻንጣና አንድ የኪስ ሰዓት ይዘው ታናሽ ልጃቸው ቤት ሲገቡ የሚፈትሹት ሱቅ አጡ። ወጥ ቤቱን አገኙ። ምራታቸው በልቧ «ክቡር ተቆጣጣሪ» ብላ ሰየመቻቸው፤ በአፏ ግን «አባባ» ትላቸዋለች።

«እኔ አልናገርም» ይላሉ በሩ ላይ ቆመው። ክቡር ተቆጣጣሪ «እኔ አልናገርም» ካሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይናገራሉ። «እኔ አልናገርም፣ ግን ያ ውሃ ገና አልፈላም።» «እኔ አልናገርም፣ ግን ሩዝ እንዲህ አይማሰልም፤ ሩዝ እንቅልፍ ይፈልጋል።» እንቁላል ሲቀቀል ሰዓታቸውን አውጥተው እንደ ሩጫ ዳኛ ይቆማሉ። አንድ ጊዜ ትርፍ አንጀታቸውን ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ፣ ገና ከሰመመኑ በቅጡ ሳይነቁ፣ ሾርባ የምትሠራውን ሴት አልጋቸው ድረስ አስጠርተው ካሮትና ድንች በአንድ ጊዜ ድስት ውስጥ መግባታቸው ምን ያህል ስህተት እንደሆነ አስረድተዋታል። ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ሴትየዋ አቅፋ ሸኘቻቸው። ከፍቅር ይሁን ከግልግል ማንም አላጣራም።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ኬክ ስትጋግር፣ ደረጃው ላይ ሆነው «ኦቨኑን እንዳትከፍቺው!» ብለው የጮኹበት ቀንም አለ። ሴትየዋ ደንግጣ ከፈተችው።

ባልየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ስታማርር ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ «እኔ የለሁበትም» ይላል። ስልሳ ተሳፋሪ በአንድ ድምፅ ሲጮህበት የማይደነግጠው ሰው፣ አባቱና ሚስቱ ወጥ ቤት አካባቢ ሲገናኙ የጫማውን ክር ያስራል።

ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ ለባሏ ታላቅ እህት ደወለች። እህትየዋ ሌላ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናት፤ ሰፊ ቤት አላት፣ ቤቱም ውስጥ ብቻዋን ናት።

«እትዬ፣ አባባን ለጥቂት ጊዜ አንቺ ጋ ብትወስጂልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ትንሽ ከበደኝ።»

እትዬ ነገር ማንዛዛት አታውቅም። ቅዳሜ ለራት እንደምትደርስና በማግስቱ አባቷን ይዛ እንደምትመለስ ነገረቻት። ለአማትየው የተነገራቸው «ልጅዎ ናፍቀዋት ልትወስድዎት ነው» ተብሎ ነው። እሳቸውም ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው አቧራውን ጠረጉና በር አጠገብ አቆሙት።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ቀላል ራት መረጠች፤ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ነጭ ዓሣ። አጥንቱ የወጣለት ፊሌቶ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይት፣ ከላይ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ሎሚ። አጠገቡ የተቀቀለ ድንች። ማንም ሊሳሳትበት የማይችል፣ ስለዚህም ማንም ሊናገርበት የማይችል ራት ነው ብላ ነው። የዋህ ነበረች።

«እኔ አልናገርም» አሉ ክቡርነታቸው ከበሩ፣ «ግን ዓሣው እርጥብ ነው።»

«ዓሣ ነዋ፣ አባባ።»

«በንጹሕ ጨርቅ ካላደረቅሽው ይቀቀላል እንጂ አይጋገርም።»

ጥርሷን ነክሳ አደረቀችው።

«ኦቨኑስ ግሏል?»

«ግሏል። ቁጥሩ ይኸው።»

«ቁጥር አትመኚ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያየሁት ቁጥር ሲዋሽ ነው። ነጭ ሽንኩርቱስ፣ ሽታው ወጣ?»

ጀርባዋን አዞረችባቸው። ዓሣውን ኦቨን ውስጥ ከተተች፣ ድንቹን በጥቂት ውሃ ምድጃው ላይ ጣደች፣ ነገ በዚህ ሰዓት ይህ በር ባዶ እንደሚሆን አስባ ትንሽ ተጽናናች።

የበሩ ደወል የጮኸው ያኔ ነው። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ለክታ ልትወስድ መጥታለች፤ እስከ ሰኞ መጠበቅ አትችልም። ልብስ ሰፊዋ ወዲያ ወዲህ አየች። ባሏ ሻይ ቅጠል ልግዛ ብሎ ከወጣ ቆይቷል።

«አባባ፣ አደራ! ይግቡና አምስት ደቂቃ እዚህ ይጠብቁልኝ።»

አንድ ቤት ሲኖሩ ወደ ውስጥ ይግቡልኝ ስትላቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ክቡር ተቆጣጣሪ የኮታቸውን ቁልፎች ቆለፉ። በርጩማ ስበው ኦቨኑ ፊት ተቀመጡ፤ ሰዓታቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ከፍተው አኖሩት። «ሐሳብ አይግባሽ» አሏት። ድምፃቸው ውስጥ የሹመት ነገር ነበረው።

የቀሚሱ ዘርፍ ግን አምስት ደቂቃ አልበቃውም። ደንበኛዋ መስታወት ፊት እየዞረች «እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚያ ጋ ትንሽ» ስትል፣ ልብስ ሰፊዋን ድንገት አንድ ሽታ መታት። የቃጠሎ ሽታ። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጠች።

መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ጭሱ ብዙም አይታይም፤ ሽታው ግን ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። የድንቹ ውሃ አልቋል፣ የድስቱ ቂጥ ከስሏል። ክቡር ተቆጣጣሪ ከድስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ጀርባቸውን ለእሱ ሰጥተው፣ በኦቨኑ መስታወት ዓሣውን እያዩ በሰላም ተቀምጠዋል።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ» አሉ ሳይዞሩ። «ዳር ዳሩ መንጣት ጀምሯል። ጥሩ ነው።»

«አባባ! አይሸትዎትም እንዴ?»

ዞሩ። ድስቱን አዩ። እሳቱን የምታጠፋውን እጇን አዩ። የሚናገሩት አልነበራቸውም፤ ልብስ ሰፊዋን ከቃጠሎው ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ነበር።

«አይሸተኝም» አሉ ቆይተው። «ከዚያ ከከባዱ ጉንፋን ወዲህ አይሸተኝም። አራት ወር ሆነኝ። ጨውና ኮምጣጣ ምላሴ ላይ ይሰማኛል፣ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።» ሰዓታቸውን ከደኑ። «መጀመሪያ ልማድ ነበር፤ አሁን በርሽ ላይ የምገተረው ለዚህ ነው። ስትከትፊ እሰማለሁ፣ ዘይቱ ሲንጫጫ እሰማለሁ፣ ሽታው ወጣ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። ያኔ ትንሽ ትንሽ የሸተተኝ ይመስለኛል።»

ልብስ ሰፊዋ የከሰለውን ድስት ይዛ ቆመች። ለዚያ ጥያቄ እስከዛሬ የሰጠቻቸው መልስ ጀርባዋን ብቻ እንደነበር ትዝ አላት።

«ለልጄ እንዳትነግሪያት» አሉ። «ርዕሰ መምህር ናት። መዝገብ ትከፍትብኛለች።»

ዓሣው በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ደህና ሆኖ ወጣ። በድንቹ ፈንታ ዳቦ ተቆረሰ። ሹፌሩ ሻይ ቅጠሉን፣ እትዬም ቦርሳዋን ይዘው ተከታትለው ገቡ።

«ምንድን ነው የተቃጠለው?» አለች እትዬ ገና ወንበር ሳትስብ።

«ድንቹ ነው። እኔ ነኝ፣ እሳት ላይ ረስቼው» አለች ልብስ ሰፊዋ ፈጠን ብላ።

ክቡር ተቆጣጣሪ ሹካቸውን አስቀመጡ። ጎደሎ ሚዛን አይተው አልፈው የማያውቁ ሰው ይህንንም ማለፍ አቃታቸው። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። አጠገቡ ተቀምጬ አልሸተተኝም። አፍንጫዬ መሥራት ካቆመ አራት ወር ሆኖታል።»

ሹፌሩ ጋዜጣው አጠገቡ ስላልነበረ አባቱን ለማየት ተገደደ።

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ» አለች እትዬ። «ነገ በጠዋት ይዤዎት እሄዳለሁ።»

«አይሆንም።»

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። እሷም ራሷ ማን እንደተናገረ ለማወቅ ልትዞር ምንም አልቀራት። «አንቺ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ነው የምትገቢው፣ እትዬ። ብቻቸውን ሆነው ጋዝ ቢያፈስ ማን ይነግራቸዋል? እኔ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው የምሰፋው። አፍንጫ ደግሞ አለኝ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል።»

«ከበደኝ፣ ውሰጂልኝ ብለሽ የደወልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

የልብስ ሰፊዋ ፊት እሳት ሆነ። አማቷን ቀና ብላ ማየት ፈራች። «ደውያለሁ» አለች ለሳህኗ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

አማትየው ዳቦውን ቆረሱ። ፍርፋሪውን በጣታቸው ሰበሰቡ። ሳህኑ ዳር ላይ ደረደሩት። ልብስ ሰፊዋ እያንዳንዱን ፍርፋሪ ቆጠረች።

«እኔ እሷን ብሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «በሦስተኛው ሳምንት እደውል ነበር።» ከዚያም የፈተና ውጤት እንደሚያነብ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለማንኛውም ልጄ፣ አሁን መሄድ አልችልም። ይህች ልጅ ዓሣን ያለፈችው ገና ዛሬ ነው። ዶሮ አልጀመርንም።»

መጀመሪያ የሳቀው ሹፌሩ ነው። እትዬ ላለመሳቅ ዓሣውን ጎረሰች፣ አኘከች፣ ቅንድቧን ሰበሰበች። «እኔ አልናገርም» አለች፣ «ግን ጨው አንሶታል።» ያኔ ልብስ ሰፊዋም መቻል አቃታት።

ሳቁ ሲበርድ ክቡርነታቸው ሹካቸውን አነሱ። «በይ ንገሪኝ። ምን ሆኖ ወጣ?»

አፈረች። እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቃ አታውቅም። «እንግዲህ… ሹካ ሲነካው ገጽ በገጽ ይላቀቃል። ውስጡ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጥጥ ጨርቅ ለስላሳ ነው። ዳሩን ዘይቱ ጠበስ አድርጎታል። መጀመሪያ ሎሚው ይመጣል። ከዚያ ቁንዶ በርበሬው ቆይቶ ጉሮሮ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ነጭ ሽንኩርቱም… አለ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝኩ ነበር። ሳህናቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉ፤ እሷም ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ነገረቻቸው።

ከራት በኋላ እህትና ወንድም ሳሎን ሲያወሩ፣ ልብስ ሰፊዋ ሳህን ታጥባለች። አማቷ በርጩማው ላይ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ማንም የለም።

«አባባ፣ ምንም ካልጣፈጥዎት ለምን ደገሙ?»

«አንቺ ስትነግሪኝ ጣፈጠኛ።»

እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። ጀርባዋን እንዳትሰጣቸው ዞር አለች።

«ብቻ» አሉ ክቡርነታቸው ሰዓታቸውን እየሞሉ፣ «ነጭ ሽንኩርቱ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ዝቅ አለ። አንሷል።»

እውነታቸውን ነው፤ አንዲት ፍሬ ብቻ ነበር የከተፈችው። ይህንን አፍ አውጥታ ለማመን ግን ገና አልተዘጋጀችም።