ሞተር ሲገዛ አብረው የሚሄዱት ጋሽ ሀብተሥላሴ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.። ዛሬ ከጋሽ ሀብተሥላሴ ጋር አስኮ ሄደን የአቶ ቀጄላን ቬስፓ ለሁለተኛ ጊዜ ልናይ ተቀጣጥረን ነበር። አልሄድንም። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሐሙስ ሌሊት በእንቅልፋቸው አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው።

አሮጌ ሞተር ብቻውን ሄዶ የገዛ ሰው በአዲስ አበባ የለም። ካለም እስካሁን እየገፋት ነው። የቀረነው በየሰፈራችን አንድ አብሮ የሚሄድ ሰው አለን። ይህ ሰው መካኒክ አይደለም፣ ደላላም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የራሱ ሞተር እንኳ የለውም። ግን እሱ ሳያይልህ ከገዛህ፣ ሞተሯ በቆመች ቁጥር ጥፋቱ ያንተ ነው። እሱ አይቶልህ ከገዛህ ጥፋቱ የሻጩ ይሆናል። ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

የእኛ የቤቴሎቹ ሰው ክቡር ጋሽ ሀብተሥላሴ ነበሩ፤ የአሮጌ ሞተሮች ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል በጡረታ የተገለሉ፣ በሕይወታቸው ሞተር ነድተው የማያውቁ ሰው። ይህን ጉድለታቸውን ፊት ለፊት ያነሳባቸው ባለ ዳቦ ቤቱ ጌታሁን ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ሳይነዱ እንዴት አወቋት?"

"አንተስ ዳቦ የምትጋግረው ስንዴ ሆነህ አይተኸው ነው?"

ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ስለ ሞተር አይደለም። በሻጭ ቤት ምንም አይቀመስም፤ ውሃም ቢሆን። "የሰው እህል አፍሽ ውስጥ እያለ ሞተርዎ ያጨሳል ማለት ትችያለሽ?" ይሉ ነበር። ይህን ደንብ የናቀው ያው ጌታሁን ነው። አንድ እሑድ ብቻውን ሞተር ሊያይ ሄደ፤ የሻጩ ባለቤት ቅቅል አቀረቡ። ጎረሰ። አጎረሱት። ካልደገምክ ተባለ፤ ደገመ። እጁን ሲታጠብ ሞተሯን ገዝቷል። አስነስቶ እንዳላያት ትዝ ያለው ሰፈር ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያውም በአይሱዙ ተጭና መጥታ። "ምን ላድርግ" ይላል እስከ ዛሬ፣ "ሴትዮዋ ቅልጥም አወጡልኝ።"

ሁለተኛው ምክር መሬት ማየት ነው። "ሻጭ ሞተሯን ያጥባል፤ ያደረችበትን መሬት ግን አያጥብም" ይላሉ ጎንበስ ብለው የዘይት ጠብታ እየፈለጉ። ቀጥለው የግንባር ትኩሳት እንደሚለካ ሐኪም መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቆ ካገኙት "እኛ ሳንመጣ ማን አስነሳት?" ብለው ሻጩን ዓይን ዓይኑን ያያሉ። በብርድ ለመነሳት የምታስቸግር ሞተር እንግዳ ሳይመጣ ቀድማ ትሟሟቃለች። ይህን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን። "አንቺ ሊብሬውን አንብቢ፣ እኔ ሰውየውን አነብባለሁ" አሉኝ። እኔ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳመሳክር፣ እሳቸው ሻጩን ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው፣ ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቁታል። ከዚያ ብድግ ይሉና ፍርድ ይሰጣሉ፦

"ቆንጆ ናት። እንሂድ።"

አየር ጤና ያየናት ጢሷ ሰፈሩን ቢያስለቅስም ቆንጆ ነበረች። ጦር ኃይሎች ያየናትም ቆንጆ ነበረች፤ መሪዋ ወደ ግራ ብቻ ይታጠፋል እንጂ። ክረምቱን ሙሉ ቆንጆ ቆንጆዎችን እየጣልን ሄድን። እኔ ደግሞ ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በራሴ ቬስፓ ያን ሰልፍ አልፌው መሄድ።

የአቶ ቀጄላ ቬስፓ ውሃ ሰማያዊ ናት፤ በንጉሡ ጊዜ የገባች። ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ሳያት ልቤ ሄደ። መሬቱ ደረቅ ነው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። ቁጥሯ ከሊብሬው ጋር ገጠመ። ጋሽ ሀብተሥላሴ የኋላ ፍሬኑን በእግራቸው ጫን አሉት። ደግመው ጫኑት።

"አቶ ቀጄላ፣ ይህችን ሞተር የሚያቆማት ምንድን ነው?"

"ፍሬን ነዋ።"

"የትኛው ፍሬን?"

"እኛ ጋ ዳገቱ ራሱ ያቆማታል፣ አባቴ።"

"የእኛ ልጅ ቁልቁለትም ትወርዳለች።" ወደ እኔ ዞሩ። "ቆንጆ ናት። እንሂድ።"

"ሰው ሞተር ሊገዛ ይመጣል እንጂ ኃጢአት ሊያናዝዝ አይመጣም" አሉ አቶ ቀጄላ፣ በሩን ከኋላችን እየዘጉ።

ታክሲ ውስጥ አኮረፍኩ። "ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉት እኔ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ ጡረታ እንድወጣ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ወደዱም ጠሉም እገዛታለሁ።"

"ጥሩ፣ ቅዳሜ እንሄዳለን። እስከዚያ ግን ለሰውየው እንዳትደውዪለት።"

ለምን ብላቸው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመሩ።

ይኸው ቅዳሜ ደረሰ፤ እኔም ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከለቀስተኛው መካከል የማውቃቸው የሚመስሉኝ ፊቶች አሉ። የሩቅ ዘመድ መስለውኝ ነበር። ቀስ እያልኩ ለየኋቸው፤ ጥለናቸው የሄድናቸው ሻጮች ናቸው። የአየር ጤናው ሰውዬ ዓይኑን እየጠረገ "ክረምቱን ሙሉ እየተመላለሱ ሲቆጡኝ ከረሙ" አለኝ። "አሁን እኮ አታጨስም።"

አቶ ቀጄላ ዘግይተው ገቡ። ከአጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጅቷ አንቺ ነሽ አይደል? አትደውዪ ብለውሽ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔንም ለሌላ እንዳልሸጣት አስምለውኛል። ፍሬኗ ተሠርቷል። ስትረጋጊ መጥተሽ ውሰጃት።"

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ረቡዕ ጠዋት በታክሲ አስኮ ሄደዋል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የገዙትን የፍሬን ሽቦ በፌስታል ይዘዋል። መካኒኩ እስኪገጥመው ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሲያልቅ አቶ ቀጄላን ቬስፓዋ ላይ አስቀመጧቸውና እሳቸው ቁልቁለቱን ወርደው ግርጌው ላይ፣ መንገዱ መሐል ቆሙ።

"ቀጥታ ወደ እኔ ና" አሉ።

"እምቢ አልኳቸው" አሉ አቶ ቀጄላ። "ገለል ይበሉ፣ ደግሞ ፍሬኑ ባይዝስ አልኳቸው። 'ካልያዘማ ዛሬ እኔ ልወቅ' አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ወረድኩ።"

ቬስፓዋ ከጫማቸው ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ጎንበስ ብለው ጎማዋን አዩ፣ ባዶውን ፌስታል አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ቅዳሜ እንመጣለን አሉ፤ ከዚያ ዳገቱን ቀስ እያሉ ወደ ታክሲው ፌርማታ ወጡ።