የጋሼ ገብረአማኑኤል መናፍቅ

በየከተማው እግዚአብሔርን ከራሱ ከእግዚአብሔር በላይ አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለደብረ ብርሃን የደረሱት ጋሼ ገብረአማኑኤል ናቸው። የመሬት ጽሕፈት ቤት ባልደረባዬ ናቸው። ዲቁና የላቸው፣ ቅኔ ቤት አልዋሉ፤ የሃይማኖት ጠበቃነቱን ግን ማንም ሳይሾማቸው ይዘውታል። መሣሪያቸው አንድ ነው፦ «ይቺን ብቻ መልስልኝ!»

«ይቺ» የምትባለው ጥያቄ ሁሌም ያችው ናት፤ ኢየሱስ አምላክ ነው ወይስ የአምላክ መልእክተኛ? ለይዞታ ካርታ ከመዘዞ የመጣ ገበሬ ይህን ሳይመልስ አይስተናገድም። ሰውዬው «አምላክ ነው እንጂ ጌታው፣ ይሄ ምን ይጠየቃል?» ሲላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። የሚስማማ ሰው ምን ያደርግላቸዋል? ለቅሶ ቤት ሄደው፣ አስከሬኑ ገና ሳይወጣ፣ ከሟች ወንድም ጋር ገጥመዋል። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሚኒባሳችን ተበላሽቶ ሁላችንም ስንጸልይ፣ እሳቸው የምንጸልየው ለማን እንደሆነ በጨለማው ይመረምሩን ነበር።

እንዲህ ሰው ሲያድኑ ነው ቃለ አብን ያገኙት። ቃለ አብ ከደቡብ ለሥራ የመጣ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ረጋ ያለ፣ ያነበበ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይስማማ። አመሻሽ ላይ ሰፈራችን ሻይ ቤት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

«ጋሼ፣ የላከና የተላከ እንዴት አንድ ይሆናል?» ይላል ቃለ አብ። «እግዚአብሔር ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ወከለው ነው የምለው።»

«ውክልና?» ጋሼ ጠረጴዛውን ይደበድቡታል። «የመሬት ውክልና መሰለህ? ውክልና እኮ ይሻራል! ጌታን ማን ይሽረዋል? ይቺን ብቻ መልስልኝ፣ አንተ ከሃዲ!»

ጩኸታቸው አስፋልት ድረስ ይሰማል። የቃለ አብ አከራይ እትዬ አማረችም ሰሙ።

አንድ ቀን ከጋሼ ጋር ከሥራ ስንመለስ የቃለ አብ አልጋና ፍራሽ መንገድ ላይ ወጥቷል። በቅርብ የወለደች ሚስቱ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ በዚያ ብርድ ቆማለች።

«እትዬ አማረች፣ ምን አድርጎ ነው?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ከሃዲ ነው ያሉት? ጌታን የካደ ሰው እኔ ቤት አያድርም!»

«እኔ ለክርክር ያልኩት ነው። አራስ ያስወጡ ብያለሁ?»

«ታዲያ ያሉት እውነት አይደለም?»

የሊቁ አፍ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣም። አይደለም ቢሉ እምነታቸውን መካድ ነው፤ ነው ቢሉ አራሷ ብርድ ላይ ናት። እኔ በልቤ እያጨበጨብኩ ነበር፤ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ዝምታ!

ጋሼ ግን ኮታቸውን አውልቀው አራሷ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና ፍራሹን አንስተው ተሸከሙት።

«ወዴት ነው ጋሼ?» አለ ቃለ አብ።

«እኔ ቤት። ሰርቪሷ ባዶ ናት።»

«እኔ እኮ ሃሳቤን አልቀየርኩም።»

«ማን ቀይር አለህ? ይልቅ በዚያ በኩል ያዝልኝ!»

በማግስቱ «ጋሼ ገብረአማኑኤል ሃይማኖት ለወጡ» ተባለ። የእድር ሰዎች በጎን እያዩዋቸው ያልፉ ጀመር። የነፍስ አባታቸው ሳይቀሩ ሊገሥጿቸው መጡ።

«አባቴ፣ ይሄ ልጅ ተሳስቷል» አሏቸው ጋሼ። «ታዲያ እስኪገባው ድረስ የት ልስደደው?»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ። ክርክሩ እንደቀጠለ ነው፤ አንዱም አንዲት ስንዝር ፈቀቅ አላለም። ሕፃኑ ግን ጋሼ ክንድ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር፣ መወጋገዙ ሁሉ በሹክሹክታ ሆኗል። በደንብ አልሰማ ሲለኝ ወንበሬን አንስቼ ተጠጋኋቸው።