ሽማግሌዎቹን በትንፋሽ አሰናበትኳቸው

ዛሬ ረፋድ ላይ ዐይኔን ጨፍኜ ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። ስገልጠው ባል የለኝም!

እየቀለድኩ አይደለም። እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ ለዚያ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ አንድ በሽታ አለብኝ። "እሺ" ማለት። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እሺ እላለሁ። በዚህ አፌ ስሟን እንኳ በደንብ ለማላውቃት ሙሽራ ሚዜ ሆኛለሁ። ማራኪ ሰፈር በምሠራበት ቢሮ ቅዳሜ የሚገባ ሰው ሲፈለግ ማን እንደሚጠራ ገምቱ። የጎረቤቴ ድመት የወለደችው እኔ አልጋ ሥር ነው፤ "ለሁለት ቀን ያዥልኝ" ተብዬ!

ታዲያ በቀደም ቴሌግራም ላይ አንዲት የዮጋ አሠልጣኝ አገኘሁ። ድምጿ ብቻውን ያስተኛል። "ልማድ የሚኖረው ከንቃታችን ሥር ነው" ትላለች። "ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ አትመልሺ። ዐይንሽን ጨፍኚ። አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በአውራ ጣትሽ ዝጊ፣ በሌላው አየር ሳቢ፣ ያዢ፣ ቀይሪና ልቀቂ። ሦስት ዙር። ድምፅ ከሰማሽ አትፍረጂበት፤ ስሚውና ይለፍ።"

ሠራልኝ እኮ! ባለፈው ሳምንት አለቃዬ "ቅዳሜ ትገቢያለሽ?" ሲለኝ አፍንጫዬን ይዤ ጨፈንኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ "ተይው፣ ተይው፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" ብሎ ሄደ። ያንን ቅዳሜ የከተማችን ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ጠጣሁበት።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

ይበልጣልን አራት ዓመት ወድጄዋለሁ። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ረጋ ያለ፣ ሸጋ ሰው ነው። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የላካቸው ሽማግሌዎች ከሀገሩ ከእንፍራንዝ ተነሥተው ወላጆቼ ቤት መጡ። አራት ናቸው፤ መሪያቸው የአባቱ ታላቅ ወንድም አያ መኳንንት። ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ነው። ምሳው ደርሷል። እማዬ ጓዳ ውስጥ እልልታዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። የቀረው ወጉ ብቻ ነበር።

አባዬ "ተቀመጡ" አለ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አያ መኳንንት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።"

አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። "እኔ ልጄን ሳልጠይቅ አልሰጥም" ብሎ አስጠራኝ። "ልጄ፣ ይበልጣልን ትፈልጊዋለሽ?"

የእኔ ሥራ አንድ ቃል ነበር። ያቺኑ ዕድሜ ልኬን ስበትናት የኖርኩትን ቃል!

አፌ ላይ ደረሰች። ግን ወዲያው "ይሄማ የሕይወቴ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ በልማድ አልመልስም፤ ከልቤ ነው የምለው" አልኩ ለራሴ። ለፍቅር ብዬ እኮ ነው!

ጨፈንኩ። አፍንጫዬን ያዝኩ።

አንደኛ ዙር። ቤቱ ጸጥ አለ።

ሁለተኛ ዙር። "ምነው፣ ሸተትናት እንዴ?" የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ሰማሁት። አልፈረድኩም። አለፈ።

ሦስተኛ ዙር። የአባዬ ድምፅ፣ የከዘራ ኳኳታ፣ የበር ድምፅ፣ የመኪና ሞተር። ሁሉንም አሳለፍኳቸው። አስቡት፣ ትዳሬ በሞተር ሲሄድ እኔ ትንፋሽ እቆጥራለሁ!

ከዚያ ፈገግ ብዬ ዐይኔን ገለጥኩና "እሺ!" አልኩ።

ለማን? ለባዶ ሳሎን!

እማዬ ጓዳው በር ላይ አፏን ይዛ ቆማለች። አባዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አይዞሽ። 'ልጄ አልፈቀደችም' ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ።"

"ማን አለህ?" ብዬ ጮህኩ።

"ጧት ከቅዳሴ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ተነጋግረን የለም እንዴ? 'አንቺ ለሰው ሁሉ እሺ ትያለሽ፤ ልጁንም በይሉኝታ ከሆነ የተቀበልሽው፣ ስጠይቅሽ ዝም በይ፤ የቀረውን ለእኔ ተይው' አላልኩሽም? እሺ ብለሽኛል እኮ!"

ብያለሁ። ምን እንዳለኝ ሳልሰማ ብያለሁ! ባጃጁ ውስጥም ትንፋሽ ስለማመድ ነበር።

አባቴ በእኔ እሺታ ይህን ያህል ሲጨነቅ መኖሩን ዛሬ ነው ያወቅሁት። አለቀስኩ። ነገሩ ሲገባው እሱም ራሱን ያዘ።

ስልኬ ጠራ። ይበልጣል ነው። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ የምሥራች ሲጠብቅ ሽማግሌዎቹ መጥተው ጭነውት ሄደዋል። "አያ መኳንንት 'አፍንጫዋን ያዘችብን' ይላሉ" አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። "እውነቱን ንገሪኝ። ትወጂኛለሽ ወይስ ለእኔም እሺ ያልሽኝ ለምዶብሽ ነው?"

"እወድሃለሁ!" አልኩ። አንድ ሴኮንድ አልፈጀብኝም።

"አየሽ፣ እሱንም ቶሎ ነው ያልሽው" ብሎ ዘጋው።

ስዘገይ አልፈቀደችም ተባልኩ። ስፈጥን ለምዶባት ነው ተባልኩ። እና ምን ልሁን?

አሁን የምጽፍላችሁ ወደ እንፍራንዝ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። አባዬ አጠገቤ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል፤ አያ መኳንንትን ይቅርታ ሊጠይቅና "እባካችሁ መልሳችሁ ጠይቁን" ሊል። እንዲህ ያደረገ የሴት አባት ሰምቼ አላውቅም። በጣም አፍሬያለሁ፤ ከእፍረቴ በላይ ግን ይበልጣል እንዳይቀርብኝ ፈርቻለሁ።

ሳስበው፣ እስከ ዛሬ የምፈልገውን የተናገርኩት ሰው ሲጠይቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና በሩ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ "ይበልጣልን እፈልገዋለሁ" ልላቸው ነው።

ሴት ልጅ እንዲህ ስትል ያየ አለ? ነውር ነው እንዴ? ፈጥናችሁ መልሱልኝ፤ ረዳቱ "እንፍራንዝ ወራጅ!" እያለ ነው!