አማቲቱ ወደ ትራውቱ ውኃ ስለ መዝመታቸው

የግራ ጉልበታቸው በሸፈተ በስድስተኛው ዓመት፣ ቀኙ ገና ሳይከዳ፣ በዘመነ ታፔላ፣ የገዛ አማቻቸው «ፊደል ያልቆጠረ ሰው ካርታ ያርማል ወይ» ብሎ በምሳ ገበታ ላይ ባሳቀባቸው በአራተኛው ቀን፣ አማቲቱ፣ ብርድ ልብስ አጣቢዋ፣ የጓዳው ቁልፍ ባለቤት፣ ምላሳቸው ከምላጭ የሚቀድም፣ ትራውት የተባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ ተነሡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዝ ውስጥ ሲያጥብ የኖረን ሰው ስለ ወንዝ የሚጠይቅ ጠፍቶ፣ ግድግዳ ይጠየቅ ጀምሮ ነበርና።

የነገሩም መነሻ ይህ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተራራውንና ወንዞቹን የሚያሳይ ትልቅ ታፔላ አለ፤ በላዩም፣ ከላይኛው ኩሬ አጠገብ፣ አንድ ወፍራም ትራውት ተሥሏል። ስለዚህ የከተማው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ፣ አባት ለልጅ እያወረሰ፣ ወደ ላይኛው ኩሬ ይወጣል፤ ባዶ ቅርጫት ይዞ ይወርዳል፤ ወርዶም የትራውትን ብልጠት ያወራል። ታፔላው ተሳስቶ ይሆን ብሎ ያሰበ አንድ ስንኳ አልተገኘም። በቀለም የተጻፈ ነዋ።

ያንን ታፔላ የሣሉት የአማቲቱ ሟች ባል ነበሩ፤ መሰላሉን የደገፉት ግን አማቲቱ። በዚያን ቀን ነጭ ቀለም ከብሩሹ አምልጦ በኩሬው ዳር ጠብ ቢል፣ ባልየው ግራ ቀኙን አይተው፣ ጭራና ክንፍ ቀጥለውለት ዓሣ አደረጉት። ዓይንም አልነፈጉትም። ባል በሕይወት ሳለ ጉዱን ማን ያወጣል፤ ከሞቱ በኋላ ቢያወጡት ደግሞ ማን ይስማ።

ወእምዝ አማቻቸው፣ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ያዥ፣ ማኅተም የሌለበትን ነገር እውነት ነው ብሎ የማያውቅ፣ እሑድ ወደ ላይኛው ኩሬ እንደሚዘምት ባስታወቀ ጊዜ፣ አማቲቱ ትራውት ያለው በፈረሰው ወፍጮ ሥር መሆኑን ነገሩት፤ ውኃው ከድንጋይ ላይ እየተወረወረ አረፋ በሚደፍቅበት፣ ቅዝቃዜው አጥንት በሚቆረጥምበት፤ ብርድ ልብስ ሲረግጡ ስንት ጊዜ ቁርጭምጭሚታቸውን እየታከከ አልፏል። እሱም ያንን የፊደል ነገር ተናገረ። ገበታው ሳቀ። ልጃቸው እንኳ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከሟት፣ አፏን በመሐረብ ሸፈነች።

አማቲቱም ማንኪያቸውን አኑረው ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙኝ። እሑድ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከወፍጮው ሥር ትራውት ካላወጣሁ፣ ይህን የጓዳ ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ ለአንተ ለልጄ ባል አስረክባለሁ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ገበታ ላይ ‹ጨው አቀብሉኝ› ከማለት በቀር ድምፄን አትሰሙም።»

ሳቁ ቆመ። ያ ቁልፍ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ አለመሆናቸውን የሚመሰክር የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

በእሑድም ጠዋት ሁለት ጦር ወጣ። በላይኛው መንገድ አማቻቸው ዘመተ፤ ከእርሱም ጋር ፀጉር አስተካካዩ ባለ ታጣፊ ወንበር፣ ጎሚስታውም ባለ ሁለት ፔርሙስ፤ ዘንጋቸው ተመዞ የሚረዝም፣ ቦቲያቸው እስከ ጭን የሚደርስ፣ ሰደርያቸው ኪሱ በዝቶ ባለቤቱን የሚያደናግር። በታችኛው መንገድ አማቲቱ ወረዱ፤ ከእርሳቸውም ጋር ልጃቸው፣ ለሳቋ ካሣ ባልዲ የተሸከመች፤ ደግሞም የጎረቤት ውሻ፣ ማንም ሳይጠራው የከተተ። የአማቲቱ ዘንግ የመጋረጃ እንጨት፣ ክሩ ናይለን፣ መንጠቆው አማቻቸው ዝጓል ብሎ የጣለው፣ ትሉም ከአበባ ማሰሮ ሥር የተማረከ ነበረ። በቁልቁለቱ ላይ ጉልበታቸው ሦስት ጊዜ ዐመፀ፤ ሦስት ጊዜ ሰድበው አስገበሩት።

ትራውት ፊቱን ወደሚመጣው ውኃ አዙሮ የሚቆም ኩሩ ፍጥረት ነውና፣ ከበስተኋላው መጡበት፤ ጥላቸውም እንዳያስደነግጠው ፀሐይን ፊት ለፊት አደረጉ። ጣሉ። ጠበቁ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አንዱ ትሉን በልቶ ምስጋና ሳያቀርብ ሄደ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ውሻው ተስፋ ቆርጦ ተኛ። የአማቲቱም እጅ ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄዶ ቁልፉን ዳሰሰ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወሳቸው። እሳቸው በዚህ ውኃ ውስጥ እንዲህ እንደ ምሰሶ ተገትረው አያውቁም፤ ሲረግጡ ነው የኖሩት። ስለዚህ ልጃቸውን ቀሚሷን ሰብስባ ከእሳቸው በላይ ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ እንድትገባና፣ ከእግሯ በታች የባለ ሥልጣን ብርድ ልብስ ያለ ይመስል ጠጠሩን እንድትረግጥ አዘዟት። ውኃው በረዶ ነው ብላ አጉረመረመች፤ ረገጠች ግን። ከድንጋዩም ሥር የተደበቁ ጥቃቅን ነፍሳት ተነቅለው ወደ ታች ተንሳፈፉ፤ ትራውቱም የምሳ ደወል እንደ ሰማ ሠራተኛ እየተጋፋ ወጣ።

የመጋረጃው እንጨት ጎበጠ። ዓሣው ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ወደ ግራ ሸሸ፤ ወደ አማቲቱ እግር መሐል ገባ፤ እሳቸውም መቆም ቢያቅታቸው ውኃው ውስጥ ቁጭ ብለው በሽርጣቸው አቀፉት። ክንድ ያህላል ብለው አይዋሹም፤ ለክንድ ሦስት ጣት ይጎድለዋል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ወንድሞቹ ተከተሉት።

ወኮነ፣ የላይኛው ጦር እንደ ልማዱ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ሲወርድ፣ ባልዲው ውስጥ አየ። አማቻቸው ኮፍያውን አወለቀ፤ ይህ ይመዝገብለት። በማግስቱ ግን፣ አማቲቱ በፀጉር ቤቱ ደጅ ሲያልፉ፣ ያው አማቻቸው በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ፣ የትራውቱን ቦታ ከጓደኞቹ ጋር ስንት ወር አጥንቶ እንዳገኘው ለተሰበሰበው ሲተርክ ሰሙት። ፀጉር አስተካካዩም የአንዱን ደንበኛ ፀጉር ግማሽ ላይ ትቶ፣ በመቀሱ እያጨበጨበ ይመሰክር ነበር።

እነሆም አማቲቱ፣ የአረፋው ውኃ እመቤት፣ የሸፈተ ጉልበት አስገባሪ፣ ባለ ቦቲዎቹን በባዶ እግራቸው ያሸነፉ፣ ወንዝን እንደ መጽሐፍ ያነበቡ፣ ከእርሳቸው በፊት እንዲህ ያለች አልተነሣችም፤ ከእርሳቸውም በኋላ ትነሣለች ብሎ ቃል የሚገባ የለም። በፀጉር ቤቱም በር ላይ ቆመው፣ ብርሃኑን በትከሻቸው ጋርደው፣ ይህን ዐዋጅ አሰሙ፦

«አንተ የልጄ ባል፣ ‹አገኘነው› አትበል። የትኛዋ እግርህ ረግጣው ነው? ተነሥና እዚህ ሰው መሐል ‹አማቴ አሳዩኝ› በል። ይሄ ፀጉሩ ግማሽ የቀረው ሰውዬም ይስማ። ጮክ ብለህ በል፤ እስክትል ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም።»