የበረንዳው ጽጌረዳዎች መዋቅራዊ ለውጥ

የሰው ልጅ በምድር ላይ ከሚያከናውናቸው ታላላቅ ተግባራት መካከል የጽጌረዳን ቀለምና ቅርጽ አስማምቶ በገንዳ መትከልን የሚስተካከል እንደሌለ የተገለጠልኝ ጡረታ በወጣሁ ማግስት ነው። ከዚያ በፊት የመምሪያ ኃላፊ ነበርኩ። ቤት ስገባ የማዝዘው ሰው አጣሁ። ባለቤቴን ሞከርኩ፤ አልሆነችልኝም። ስለዚህ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ባለቤቴ ለዓመታት ያሳደገቻቸው ጽጌረዳዎች በየገንዳቸው አብበዋል። ያምራሉ፤ ሥርዓት ግን የላቸውም። ቀዩ ከቢጫው ጋር ተቃቅፏል። እንደ ስኒ የጎደጎደው አበባ ከጠፍጣፋው ጎን ያለ ምንም ጥናት ቆሟል። ይባስ ብሎ በዘለላ የሚያብበው ትንሹ ሮዝ ደረጃውን ሳያውቅ መሃል ላይ ጉብ ብሏል።

እሁድ ደግሞ የልጃችን እጮኛ ወላጆች ሊተዋወቁን ሊመጡ ነው። የቤተሰቡ ገጽታ በዚህ ዝርክርክ አሠራር ላይ ሊወድቅ? ባለቤቴንና ልጄን ሳሎን ሰብስቤ ዕቅዴን አቀረብኩ፦ አበባቸው ድርብርብ የሆነው መሃል፣ በዘለላ የሚያብቡት ጠርዝ፣ ቀለሙም ከደማቁ ቀይ እየፈዘዘ እስከ ነጩ።

"አባዬ፣ እንዲህ አብበው ይነቀላሉ እንዴ?" አለች ልጄ።

"አይነቀሉም። ይዛወራሉ።"

"በዚህ ፀሐይ?" አለች ባለቤቴ።

"ዝውውር ወቅት አይመርጥም።"

"እባክህ ተዋቸው። ልጅቷን በሰው ፊት እንዳታሳፍራት።"

"አስተያየትሽ ገንቢ ነው፤ በግብዓትነት ተወስዷል" አልኳት። ዕቅዱም ሁለት ተቃውሞ ገጥሞት በእኔ ድምፅ ጸደቀ።

ጽጌረዳዎቹ ግን አልጸደቁም። ቅዳሜ በቀትር ፀሐይ ሥራቸውን እየበጣጠስኩ አዛወርኳቸው፤ ማታውኑ አንገታቸውን ደፉ። እሁድ ጠዋት ወለሉ በረገፈ አበባ ተሸፍኖ ነበር። ከቀለም አንጻር ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል፤ ቀዩም ነጩም ቢጫውም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነዋል።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የረገፈውን ስትጠርግ አንዱን ግንድ ነካ አድርጋ፣ "ይቺን የተከልኳት ልጃችን የተወለደች ሰሞን ነው" አለች። የአፈጻጸም ክፍተት መሆኑን ማስረዳቱን ትቼ ወደ ሱቅ ሮጥኩ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ገንዳዎቹ ውስጥ የፕላስቲክ ጽጌረዳዎች በዕቅዱ መሠረት ተሰልፈው፣ ውሃ ተርከፍክፎባቸው ያበራሉ።

የእጮኛው አባት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በረንዳውን ጎበኙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ።

"አቤት መዓዛ! የሱቁ እኮ እንዲህ አይሸትም!"

ልጄን ሳል ያዛት። እጮኛዋ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"እኔም ከጡረታ በኋላ በዚሁ ዘርፍ ነው የተሰማራሁት" አሉ ሰውየው። "ድርብርቡን ከዘለላው ጋር ማቀናጀት ጥናት ይፈልጋል።"

"ጥናት ብቻ? አመራር ጭምር እንጂ!"

ወዲያው ተወዳጀን። ባለቤታቸው ግን አንዱን አበባ በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ባለቤቴን አዩዋት። ባለቤቴም አየቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ያለ አንዳች ስብሰባ ተግባቡ።

ሊሄዱ ሲነሱ ሰውየው ለተከላ የሚሆን አንድ ቁራጭ ለመኑኝ። ምን ልበል? ቀዩን መዘዝ አድርጌ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለልኩላቸው።

"ውሃ አያብዙበት" አልኳቸው በኃላፊነት ስሜት።

በሳምንቱ ደወሉ። ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል።

"ይዟል! አንድ ቅጠል እንኳ አልጠወለገም! የእርስዎንም ለማየት በቅርቡ ብቅ እላለሁ።"

"እንኳን ደስ ያለዎት" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

"ነገርካቸው?" አለች ባለቤቴ።

"ምን ብዬ? ዘመድ ሆነናል እኮ!"

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ መቼ እንደሚመጡ ስለማይታወቅ፣ ማለዳ ማለዳ ፕላስቲክ አጠጣለሁ። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ ትስቃለች። ጎረቤቶቼ አበባዎቼ እንዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚያምሩበትን ምስጢር ሲጠይቁኝ፣ ማጠጫውን ቀና አድርጌ "ክትትል ነው" እላቸዋለሁ።