አንቀጽ ሁለትና የሊቀ መንበሩ አፍንጫ

በዚህ ዓለም ላይ ከባድ ከባድ ኃላፊነቶች አሉ፤ መርከብ መንዳት፣ አገር መምራት፣ ልጅ ማሳደግ። ከሁሉም የሚከብደው ግን የአረንጓዴና የሎሚ ሽቶ አሽታቾች ማኅበርን በሊቀ መንበርነት መምራት ነው። ማኅበሩ እንግሊዝ አገር፣ ዴቮን ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባል። በየጓሯቸው ዛኒጋባ ሽቶ የሚቀምሙ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ሥራቸውን ይዘው ይቀርባሉ። ትልልቅ ፋብሪካዎች አይጋበዙም። ቢጋበዙም አይመጡም ነበር፤ ማኅበሩ ግን ይህን «ነፃነታችን» ይለዋል።

ሊቀ መንበሩ ሚስተር ክሌመንት ፔቲፈር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአፍንጫቸው ተከብረው የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ የታጨደን ሣር ትናንት ከታጨደው ዓይናቸውን ጨፍነው ይለያሉ ይባላል። የደንቡን አንቀጽ ሁለት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው፦ «ማሽተት የተሳነው ሰው በሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ አይቀመጥም።» ያረቀቁትም የቀድሞውን ሊቀ መንበር ጉንፋን የያዛቸው ሰሞን፣ በአበባና በጭብጨባ ለማሰናበት ነበር።

ወይ ጣጣ! አንድ ጥር ላይ ጉንፋን እሳቸውንም ጎበኛቸው። ጉንፋኑ ሄደ፤ ሲሄድ ማሽተቱን ይዞት ሄደ። ጠዋት ጠዋት ጓሯቸው ካለው አትክልት ማብቀያ የመስታወት ቤት ገብተው የቲማቲም ቅጠል በጣታቸው ጨፍልቀው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ምንም የለም። ከዓለም ሽታ ሁሉ እንደሱ የሚወዱት አልነበረምና እዚያው እንደቆሙ ሌላ ቅጠል ይቀጥፋሉ። ለሰው እንዳይናገሩ፣ አንቀጽ ሁለት አለ።

የውድድሩ ቀን ሲደርስ ብልሃት ዘየዱ። በቀኛቸው የሚቀመጡትን የጸሐፊዋን የሚስስ ቤሪል ሆስኪንን ፊት እያዩ ነጥብ መስጠት። ፊታቸው ከፈካ ስምንት፣ ከተጨማደደ ሦስት።

ቀጭን ወረቀት በመጀመሪያው ሽቶ ተነክሮ ቀረበ። ሁለቱም አሸተቱ። ሁለቱም ተያዩ።

«እንዴት አገኙት፣ ሚስስ ሆስኪን?»

«እርስዎስ፣ ሚስተር ፔቲፈር?»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ምን ሲደረግ! ሊቀ መንበሩ እያሉ?»

«እንግዲህ… ሎሚነቱ፣ ሎሚ ነው።»

«ከአፌ ነጠቁኝ!»

በቃለ ጉባኤውም «ሎሚነቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ሰፈረ። ኋላ የተቀመጡት ሃያ አባላት፣ ፊት ያሉት ሁለቱ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እነሱም ነቀነቁ። እንዲህ እየተባለ ስምንት ሽቶ በሰላም አለፈ።

ዘጠነኛዋ ኢሞጀን ትራስክ ነበረች፤ ቀን ፖስታ ታድላለች፣ ሲመሽ ትቀምማለች። ያመጣችው የቲማቲም ቅጠልና የትርንጎ ሽቶ መሆኑን ሲያነቡ ሚስተር ፔቲፈር ሳያስቡት ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ልጅቷ ወረቀቷን ልትነክር ስትል ግን ቀጥ አለች። አፍንጫዋን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረች። እዚያ የሚስስ ሆስኪን ባል ሴድሪክ ለሻይ የሚሆነውን ስኮን የሚባል ትንንሽ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከትቶ፣ የክሪኬት ጨዋታ በራዲዮ ሊያዳምጥ መኪናው ውስጥ ገብቷል።

«ይቅርታ፣ የሆነ ነገር…»

«አንቀጽ ሰባት!» አሉ ሚስስ ሆስኪን። «ቀማሚ በሚዳኝበት ሰዓት አይናገርም።»

«አውቃለሁ፣ በጣም ይቅርታ፣ ግን እኮ…»

«የኔ እመቤት፣ ሥራሽ ይናገርልሽ» ብለው ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ከእጇ መነተፉት።

አሸተቱ። ምንም። እንደ ልማዳቸው ወደ ቀኝ አዩ፤ የሚስስ ሆስኪን ዓይን እንባ አቅርሯል! ሚስተር ፔቲፈር ደነገጡ፤ የእሳቸውም ዓይን ያነባ ጀመር። ይህን ያዩት ሚስስ ሆስኪን ይባስ ተንሰቀሰቁ። ኋላ ያሉት ሃያዎቹ መሐረብ አወጡ። በማኅበሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ከአሥር ተሰጠ።

«ጭሱ ነው!» ብላ ኢሞጀን ጮኸች።

«አዎን፣ ጭስ ጭስ የሚል መጨረሻ አለው፤ መዝግቤዋለሁ» አሉ ሚስስ ሆስኪን።

«ወረቀቱን እኮ ገና አልነከርኩትም! የወጥ ቤቱ መጋረጃ እየነደደ ነው!»

ዞር ሲሉ እውነትም ይነድዳል። አባላቱ በጨዋ ደንብ ተሰለፉ፤ «ይቅርታ፣ ይለፉ»፣ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይለፉ» እየተባባሉ ቅንድባቸው ሊለበለብ ትንሽ ሲቀረው ወጡ።

ውጭ ካፊያ ውስጥ ቆመው ሳለ ሚስስ ሆስኪን ጠጋ አሉ። «ሚስተር ፔቲፈር፣ እርስዎ… ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር። እርስዎስ?»

«ከየካቲት። እኔ የእርስዎን ፊት እያየሁ እኮ ነው የምጽፈው!»

«እኔ ደግሞ የእርስዎን!»

ሳቅ አፈናቸው። ሆዳቸውን ይዘው፣ ሴድሪክ ከመኪናው ወርዶ «ምን ሆናችሁ?» እስኪል ድረስ ተንከተከቱ። ሚስተር ፔቲፈር ከጥር ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው እሳቱን ካጠፉ በኋላ፣ ኃላፊያቸው የሆነችው ሴትዮ ሁሉንም ወደ አዳራሹ መለሰቻቸው።

«ሃያ ሁለት አሽታች ተቀምጦ አንድ ሰው አልሸተተውም?»

ሚስተር ፔቲፈር አንቀጽ ሁለት ትዝ አላቸው። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ሸትቶናል እንጂ። ነጥብ እየደመርን ስለነበር ነው።»

«እሳት ተነስቶ?»

«በአጀንዳው አልተያዘም ነበር።»

ሴትዮዋ መሰላል አምጥታ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ ክብ ነገር ከሊቀ መንበሩ ወንበር በላይ ሰቀለች፤ ቁልፉን ስትጫነው «ጢጥ!» አለ።

«እሰይ!» አለች ኢሞጀን። «በመጨረሻ የሚያሸት አባል አገኘን። በአንቀጽ ሁለት መሠረት ሊቀ መንበር መሆን ያለበት እሱ ነው፤ የምትደግፉ!»

ቀልዷን ነበር። ግን በዚያችው ቅጽበት ሚስስ ሆስኪን ከፀጉራቸው ላይ ዐመድ ሊያራግፉ እጃቸውን አነሱ። ሚስተር ፔቲፈርም እንደ ልማዳቸው ወደ ቀኝ አይተው አነሱ። ሃያዎቹ ፊት ያሉትን አይተው አነሱ።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሚስተር ፔቲፈር በአበባና በጭብጨባ ተሰናበቱ። አዲሱ ሊቀ መንበር እስከ ዛሬ በሥራው ላይ ነው፤ ያልሸተተውን ሽቶ አንድም ቀን አሞግሶ አያውቅም፣ በዓመት አንዴም ባትሪ ይቀየርለታል።